የየኔታ ኪቦርድና የኔ አረቄ

አሁን በገዛ እጄ ያጠፋሁትን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ!

የቅኔ መምህሩ የኔታ ዛሬ ከቢቸና ሞጣ የጥገና ሱቄ ድረስ አልሠራ ያለ የድሮ ኪቦርዳቸውን በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝ። ቅኔያቸው ሁሉ ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ሌላ ኪቦርድ አይቀበልም።

ፈትቼ ስለካው የተበላሸው ቺፑ፣ ኪቦርዱን የሚያዝዘው ጥቁር ቁራጭ ነው። ምትክ ለመፈለግ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ያስፈልጋል። አቧራው አላስነብብ ሲለኝ፣ የማጽጃ አልኮል ስለሌለኝ በአረቄ አሸሁት። ቁጥሩም ከአቧራው ጋር አብሮ ለቀቀ! (ዲግሪዬ በኤሌክትሪካል ነው፤ አትሳቁ።)

"ልጄ፣ አረቄ ሰውን ስሙን ሲያስረሳ አይቻለሁ፤ ብረትን ሲያስረሳ ግን ዛሬ ገና አየሁ" ብለው ሳቁ። 

ስለ ቺፑ አርባ የብረት እግር እንዳለው ብቻ ነው የማውቀው። ቁጥሩ የጠፋ ቺፕ ገጥሟችሁ የለያችሁ ካላችሁ፣ እንዴት አደረጋችሁ? የኔታ ደጃፌ ላይ ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነው።