ጎርፉ እስከ የት ይመጣል?

ያንን የወንዝ ዳር ንድፍ አራት ጊዜ ሥዬዋለሁ። አምስተኛው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እርሳስ ማንሳት አስጠልቶኛል።

ከመሐል ሜዳ ከተማ ግርጌ፣ ወንዙ ዳር፣ ጋራዥ፣ ወፍጮ ቤትና የበግ ጠጉር ማጠቢያ ተጠጋግተው ኖረዋል። ዘይቱም ጉድፉም የሚሄደው ወደ ውሃው ነው። ክረምቱ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየከፋ መጣ። ቦታው የሕዝብ መናፈሻ ይሁን ሲባል ሥራው ለእኔ ደረሰኝ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ጎርፍ የሚደርስበትን ለወንዙ ለቀን ጓሳ ሣር እንተክልበታለን፤ ሰው ከጎርፉ መስመር በላይ ይሰፍራል።

መስመሩ የት ይለፍ? ወንዙ ተለክቶ አያውቅም። ስለዚህ ዕድሜያቸውን እዚያ በርኖስ ሲሠሩ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ዘንድ ሄድኩ።

"አባባ፣ ጎርፉ እስከ የት ይመጣል ይላሉ?"

"ኧረ ምን ሲደረግ! አይመጣም፤ እመብርሃን ትጠብቀን" ብለው አማተቡ።

ሌሎቹ የወንዙ ዳር ነዋሪዎችም "አይመጣም" አሉ። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። መስመሩ ዝቅ ባለ ቁጥር የማፈርሰው ቤት፣ የምሰማውም እሮሮ ያንሳል። የሽማግሌው የሽመና ቤት ከመስመሩ በላይ ቀረ። ከመስመሩ በታች የነበሩትን ከእሳቸው ትንሽ ከፍ ወዳለ ሜዳ አዛወርናቸው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወንዙ ሞልቶ የሽመና ቤቱን ከነዕቃው ጠረገው። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ ተረፉ። ሊያልቅ ጥቂት የቀረው በርኖስም አብሮ ሄደ።

በማግስቱ እግሬን እየጎተትኩ ሄጄ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በኋላ ግን አላስቻለኝም።

"አባባ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?"

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ልጄ፣ እስከ የት ይመጣል አልከኝ። በገዛ አፌ በገዛ ቤቴ ላይ ላሟርት? እስከ የት መጥቶ ያውቃል ብትለኝ ኖሮ ወስጄ አሳይህ ነበር።"

አፈርኩ። እናቴ ሰማይ በጠቆረ ቁጥር "ክፉ አታውራ" እያለች ያሳደገችኝ እዚሁ አገር ነው። ይህን ያላወቀ ባዕድ ቢሆን ይቅር ይሉታል፤ እኔ ምን አፍ አለኝ?

"አሁን ያሳዩኝ" አልኳቸው።

ምርኩዛቸውን ይዘው ዳገቱን ወጡ፤ ተከተልኳቸው። ሁለት ጊዜ አረፍን። በመጨረሻ አንድ ቋጥኝ አጠገብ ቆመው "አባቴ በዓይናቸው ያዩት እዚህ ድረስ ነው" አሉ።

ዞር ብዬ ቁልቁል አየሁ። ከእኛ በታች፣ እኔ ያዛወርኳቸው ሰዎች አዲሱ ቤታቸው ላይ ቆርቆሮ እየመቱ ነበር።