በእርሳስ ያሰመርሁት የውሃ ዳር

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቤቴ ድረስ መጥታ ስለ ድሮ የካርታ ክፍሎች ጠየቀችኝ። እሷ የፎገራን ሜዳ በስልኳ ከላይ ሆና ታየዋለች፤ የሩዙ ማሳ፣ ርብ ወንዝ፣ የእኔም ጣሪያ ሳይቀር ይታያል። ያኔ ካርታ ማየት የፈለገ ሰው ወደ እርስዎ ይመጣ ነበር ወይ አለችኝ። ሥራዬ ማሳየት ሳይሆን መደበቅ እንደነበር እንዴት ላስረዳት? ከሄደች በኋላ መቀመጥ አቃተኝ፤ ግቢዬን ስዞር ዋልሁ።

በደርግ ዘመን ነው። ከአንበሳሜ መጥቼ ወረታ፣ ተማሪ ቤት ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኜ ነበር። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት። ከመጻሕፍቱ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ግድግዳዋ ላይ ለተማሪዎች የዓለም ካርታ ተሰቅሏል። የአካባቢያችን ዝርዝር ካርታዎች ግን «ምስጢር» የሚል ማኅተም ተመቶባቸው በብረት ሣጥን ይቆለፋሉ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤ የሚያያቸው የወረዳው ካድሬ ብቻ። ተማሪው የሩቅ አገር ወንዝ ስም ሲሸመድድ ከርሞ፣ የሚዋኝበትን ወንዝ በካርታ ሳያይ ትምህርቱን ይጨርሳል። እኔ ድሮም አንድ ቦታ መርጋት አልወድም፤ ያቺ ክፍል ትጠበኝ ነበር።

ግንቦት ላይ፣ ዋልካው መሬት በሙቀት በተሰነጣጠቀበት ወር፣ ካድሬው መጣና የፎገራን ካርታ አስዘረጋኝ። ገበሬውን ከየቤቱ አንሥቶ በአንድ ቦታ የሚያሰፍረው የመንደር ምሥረታ ወሬ አገሩን ይዞት ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ክብ ሠራና፣ ባዶ ሜዳ ነው፣ ለመንደር የተመቸ ነው ብሎ ሄደ።

በዚያው ሳምንት መሪጌታ ስሜነህ መጡ። ጋዜጣ ለማንበብ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ የሚሉ፣ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሊነሱ የተባሉትም የእሳቸው አጥቢያ ሰዎች ነበሩ።

«ልጄ፣ የት እንደሚያሰፍሩን ወረቀት ላይ ተጽፏል ይባላል። እስቲ አሳዪኝ» አሉኝ።

እንደማይፈቀድልኝ ነገርኋቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሣጥኑን መክፈትና መቆለፍ፣ በር ድረስ ሄዶ መመለስ ሆነ ሥራዬ።

እሑድ ጠዋት ካርታውን ጠቅልዬ በጃንጥላዬ ውስጥ ሸሸግሁና ሜዳውን ይዤ ወረድሁ። ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ከሜዳው መሐል ከፍ ያለች ጉብታ ላይ ናት፤ ቤቶቹም ዙሪያዋን ሰፍረዋል። የመሪጌታ ባለቤት የጓያ ቂጣ በእርጎ አቀረቡልኝ፤ አንዴ ቆርሼ ገፋ አደረግሁት። ካርታውን ዘረጋሁት። መሪጌታ በጣታቸው ትንሿን የመስቀል ምልክት አገኟት።

«ይህች እኛ ነን?» አሉ ቀስ ብለው። ጣታቸውን በምልክቷ ዙሪያ አዞሩና፣ «ውሃውስ የታለ?» አሉኝ።

የለም። ካርታው የተሠራው በበጋ ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶግራፍ ነው። ክቡ ወዳረፈበት ቦታ ወሰዱኝ፤ አንድ ዋርካ ቆሟል፤ ግንዱ ላይ የደረቀ የጭቃ መስመር ከወገቤ በላይ ይታያል። ነሐሴ ላይ ጉብታቸው ብቻ ከውሃው ወጥቶ እንደሚቀር፣ እዚያም የሚሄዱት በታንኳ መሆኑን ነገሩኝ። ውሃው የሚደርስበት ዳር ሁሉ እየሄዱ ቆሙልኝ፤ እኔም እየተከተልሁ በእርሳስ አሰመርሁ። ስንጨርስ ቀዩ ክብ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ገብቶ ነበር።

ሰኞ ላጲስ ይዤ ካርታው ላይ ጎነበስሁ። መስመሩን ላጠፋው እችል ነበር። አላጠፋሁትም።

ረቡዕ ካድሬው አየው።

«ይህን ማን ጨመረው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ዋርካው ግንድ ላይ ጭቃ አየሁ።»

የመሪጌታ ስም ከአፌ አልወጣም። እስከ የት እንደሚደርስ ጠየቀኝ፤ እጄን ወገቤ ላይ አደረግሁ። ካርታውን ጠቅልሎ ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ በባሕር ዳር መንገድ መኪና ባለፈ ቁጥር ከወንበሬ እነሣ ነበር። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ከዚያ ሁለት ነገር በአንድ ቀን ሰማሁ፤ የመንደሩ ችካል ተነቅሎ በምሥራቅ በኩል ካለው ጋራ ሥር ተተክሏል፤ እኔ ደግሞ ምስጢር ባለመጠበቅ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሬአለሁ።

መሪጌታ አውቶቡሱ ድረስ መጥተው ሸኙኝ። ምስጋና ጠብቄ ነበር፤ አልነፈጉኝም።

«ከውሃው አውጥተሽናል፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። «ከቤታችን መውጣታችን ግን አልቀረም።»

ከዓመታት በኋላ፣ ደርግ ሲወድቅ፣ እኔም ወደ ወረታ ተመለስሁ፤ ከተነሡት ሰዎችም ብዙዎቹ ቤታቸውን ነቅለው ወደ ጉብታቸው ተመለሱ። መሪጌታ ግን አልደረሱበትም፤ ከዚያ ቀደም ባለው ክረምት ጋራው ሥር ዐርፈዋል። አስከሬናቸው ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው የተሻገረው በታንኳ ነው አሉኝ።

መስመሩን ባላሰምር ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ ነሐሴን ውሃ ውስጥ ይከርም ነበር። ይህን አውቃለሁ፤ ዛሬም ቢሆን አሰምረው ነበር። ነገር ግን ሰዎቹን ለሚነቅለው ሰው የሚያሰፍርበትን ደህና ቦታ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ክረምት በገባ ቁጥር፣ ከአዲሱ መንደር ያራቅሁት ያ ውሃ መሪጌታንና ቤተ ክርስቲያናቸውን ለያይቶ መክረሙ ትዝ ይለኛል፤ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ መቀመጥ አይሆንልኝም።