በንጉሥ አምላክ የቆመው ቧንቧ

ማጋነን በእኛ ቤት የዘር ነው። አባቴ ያባረራት ጥንቸል ቤት እስኪደርስ ነብር ትሆናለች። ስለዚህ ይህን ታሪክ ባወራሁ ቁጥር የሚያምነኝ ሰው ማጣቴ አይገርመኝም፤ የእጄን ነው ያገኘሁት።

በንጉሡ ጊዜ ሰበታ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበርኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ነበር፤ ከአጥሩ ሥር ወፍራም ቧንቧ ወጥቶ ወንዙ ላይ ተደግኗል። በገበያ ቀን፣ አገሩ ሁሉ ወጥቶ መንደሩ ጭር ሲል፣ ዘበኛው መዝጊያውን ይከፍትና የሳምንቱን እጣቢ ይለቀዋል። ቀለሙን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሰይጣን የዓመት ሱሪውን ቢያጥብ እንዲያ ያለ እጣቢ አይወጣውም።

አንድ ጠዋት ከወንዙ በታች የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ያንን ውሃ በአረቄ ጠርሙስ ይዘው መጡ። አገሩ ሁሉ «ኦቦ» ነበር የሚላቸው፤ ሌላ ኦቦ ያለ አይመስልም ነበር።

«አካም ቡልቴ፣ ሐኪም? እስቲ ይኼን ቢሻን ቅመሰው።»

«ኧረ ኦቦ፣ እኔ ገና ሚስት እንኳ አላገባሁም!»

አልሳቁም። «በሬዬም አሽትቶት ተመለሰ። ልጄ ግን ጠጣችው።»

ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እንደ ወጉ እናቷ ቤት የገባች ነፍሰ ጡር ነበረች። ሄጄ ባያት ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልሳት ከርሞ ዓይኗ ጎድጉዷል። ከወንዙ ጠብታ እንዳትቀምስ አዘዝኩ። ማዘዝ ቀላል ነው፤ ከዚያ ወዲያ እናትየው በዚያ በታመመ ጉልበታቸው እንስራ አዝለው ከዳገቱ ምንጭ ይቀዱ ጀመር።

«መውለጃዋ ሁለት ወር ቢቀረው ነው» አሉኝ ኦቦ። «ያን ጊዜ ስንት እንስራ ነው የሚያስፈልገው? ይቺ አሮጊት ትሞትብኛለች። አንተ የመንግሥት ሰው ነህ፤ ጻፍልን።»

ጻፍኩ። እጄን ማን ይያዘው? «ሁለት መቶ ላም አልቋል፤ በወንዙ ላይ የምትበር ወፍ ላባዋ ይረግፋል» ብዬ ለአውራጃው ጤና ቢሮ ራፖር ላክሁ። ጥቂት ብጽፍ ማን ከወንበሩ ይነሳል ብዬ ነው።

ተነሱ። አንድ ሹም ከረባት አስረው በላንድሮቨር ከተፍ አሉ፤ ያውም በገበያ ቀን። መንደሩን ቤት ለቤት ዞረው ላም ቆጠሩ። አሥራ አንድ ተገኘ። አሥራ አንዱም በሰላም ያመነዥካል። ወንዙም ሊያዋርደኝ ብሎ፣ የትናንቱ ዝናብ አጥቦት ኩልል እያለ ይወርዳል።

«ሁለት መቶው ላም የታለ?» አሉኝ ሹሙ ወንዙ ዳር ቆመን።

«ጌታዬ... ገበያ ወጥተው ይሆናል።»

«ቀልደኛ! በላሙ የዋሸ በውሃው እንዴት ይታመናል?» ራፖሬን ለሁለት ቀደው አንድ እግራቸውን መኪናው ላይ ሰቀሉ። ኦቦን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። የሳቸውን እውነት በእኔ ውሸት አስቀደድኩት።

በዚያች ደቂቃ የፋብሪካው ዘበኛ ከአጥሩ ወጣ። መኪናዋን ባሕር ዛፉ ጋርዷታል፤ ልብ አላለንም። እንደ ልማዱ መዝጊያውን አዞረው። ቧንቧው አገሳ።

ኦቦ እስከ ጉልበታቸው ወንዙ ውስጥ ገቡ። ችሎት እንደሚቆም ሰው ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ዱላቸውን ወደ ቧንቧው ቀሰሩና ጮኹ፦

«በንጉሥ አምላክ! ቁም!»

ያኔም እየቀረ የመጣ ወግ ነው። በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው፣ ባላባት ይሁን ለማኝ፣ ነገሩ ዳኛ እስኪያገኝ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ዘበኛው የድሮ ወታደር ነበር፤ እጁን መዝጊያው ላይ እንዳደረገ ደረቀ። ሹሙ አንድ እግራቸው መኪና ላይ፣ አንዱ ጭቃ ውስጥ፣ እንደ ሽመላ ቀሩ። ላሞቹም ማመንዠካቸውን አቆሙ ብል ትስቁብኛላችሁ፤ ሳቁ።

ያልቆመው ቧንቧው ብቻ ነበር። እጣቢውን በኦቦ እግር ላይ ይደፋል።

ኦቦ ወደ ሹሙ ዞሩ። ድምፃቸው አሁን ዝግ ብሏል። «ጌታዬ፣ እርስዎ ቆመዋል። ዘበኛውም ቆሟል። በንጉሥ አምላክ ተብሎ አልቆምም ያለ ምን ይባላል?»

ሹሙ ቧንቧውን አዩ፣ ሽማግሌውን አዩ። «አመፀኛ» አሉ በመጨረሻ።

«አመፀኛ ምን ይደረጋል?»

«ይያዛል።» ከዚያ ወደ ዘበኛው ጮኹ፦ «ዝጋው!»

ተዘጋ። በሕይወቴ እንዲያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

ኦቦ ጠርሙሳቸውን ከእጣቢው ሞሉ፤ ወተፉት፤ አንገቱን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ነበር ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት። «ተከሳሼን በቁራኛ ይዣለሁ፤ እንሂድ» ብለው መኪናው ላይ ወጡ። ሹሙም አጠገባቸው ተቀመጡ። ጃንሆይ በሰበታ ሲያልፉ ብዙ ጊዜ እጅ ነስቻለሁ፤ ሰው ስለሚነሳ ነው። ያን ቀን ግን ማንም ሳያዘኝ ለአንድ ጋቢ ለለበሰ ሽማግሌና ለአንድ የአረቄ ጠርሙስ መሬት እስክነካ አጎነበስኩ።

ሹሙ የጻፉት ራፖር ግልባጭ በኋላ ደረሰኝ። «ላም አሥራ አንድ፤ የሞተ የለም። ነፍሰ ጡር አንዲት፤ ውሃውን ጠጥታ ታማለች። ቆሻሻው ሲለቀቅ በዓይኔ አይቻለሁ።» በቃ! የእኔ ሁለት መቶ ሬሳ ያላንቀሳቀሰውን ፋብሪካ ይህች ቁራጭ ወረቀት አንቀሳቀሰችው። ለእጣቢው ከወንዙ ርቆ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ቧንቧው ተነቀለ።

ኦቦ ግን በወረቀት የሚያምኑ ሰው አልነበሩም። ጥቂት ሳምንት ጠብቀው በሬያቸውን ወንዝ አወረዱ። እናትየው ባዶ እንስራ አዝለው ከኋላ ቆመዋል፤ ልጅቷ ሆዷን ደግፋ ደጅ ላይ። በሬው አሸተተ። ቀና አለ። ደግሞ አጎነበሰ።

«ቁጠር፣ ሐኪም» አሉኝ ኦቦ። «ዛሬ እንኳ በትክክል ቁጠር።»

አሥራ አራት ጉንጭ። እናትየው እንስራቸውን አውርደው ቀዱ።

አሥራ አራት ነው። አንድም አልጨመርኩም።