ለዳኛው የሰጠሁት መልስ

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት... አሰላ፣ የተማርኩበት ኮሌጅ አዳራሽ ውስጥ ማይክ ይዤ ቆሜያለሁ። ከፊት የድሮ ተመራቂዎች ከነቤተሰባቸው፣ ከኋላ ደግሞ አሁን የሚማሩት ልጆች ተቀምጠዋል።

የጠሩኝ ስለ አንዲት ኳስ እንዳወራ ነው። የዛሬ አስራ አራት ዓመት የኮሌጆች ውድድር ፍጻሜ ላይ በረኛ ነበርኩ። አንድ ለዜሮ እየመራን፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ያለቀላት ኳስ አዳንክ ተባልኩና ዋንጫውን ወሰድን። ተማሪው ትከሻው ላይ ተሸክሞኝ ከተማ ድረስ ወረደ። እስከ ዛሬ ባጃጅ ውስጥ እንኳ «አንተ ያ በረኛ አይደለህ እንዴ?» ብሎ የሚጨብጠኝ አለ።

በኮሌጄ እኮራለሁ። ከአርሶ አደር ቤት አንስቶ መምህር ያደረገኝ እሱ ነው።

ግን ኳሷ ገብታ ነበር።

ያን ቀን ዝናብ ነው፣ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ጉሙ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ግማሽ ሜዳ ሸፍኗል። ገመቹ የሚባል የጢቾ ልጅ ነው የመታት፣ የተቃራኒው ቡድን አምበል። ከእጄ ሾልካ መስመሩን አለፈች። ተወርውሬ መልሼ ጎተትኳት። የመስመር ዳኛው አንሸራቶት ወድቆ ነበርና አላየም። ዋናው ዳኛ እየሮጠ መጣና ዓይን ዓይኔን እያየ...

«አንተን አምናለሁ። ገብታለች?» አለኝ።

«አልገባችም» አልኩት።

ገመቹ አበደ። «ይዋሻል! በዓይኔ ነው ያየሁት!» እያለ ዳኛውን ገፈተረው። በቀይ ወጣ። በኋላም የራሱ ኮሌጅ ከስፖርት አገደው ሲባል ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ስለሱ ማንንም ጠይቄ አላውቅም... ረስቼው አይደለም፣ መልሱን ፈርቼ ነው።

ቅዳሜ ታዲያ አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እጇን አወጣች። የኮሌጁን ማልያ ለብሳለች።

«መምህር፣ እኔም በረኛ ነኝ። ኳሷን ሲይዟት ምን ተሰማዎት?»

ስንት ጊዜ የመለስኩት ጥያቄ ነው። አፌን ከፈትኩ... የለመድኩት መልስ ግን አልመጣልኝም። ልጅቷ እስክሪብቶ ይዛ ልትጽፍ ነው የምትጠብቀኝ።

«አልያዝኳትም» አልኩ። «ገብታ ነበር። ለዳኛው ዋሽቼው ነው።»

 አስተባባሪው አብሮኝ የተጫወተ ጓደኛዬ ነው። መጣና ማይኩን ከእጄ እየወሰደ፣ «ምን ነካህ? በዚህ ቀን የኮሌጃችንን ስም ታጎድፋለህ?» አለኝ።

ያኔ ነው ጋሽ ሁሴን ከፊት ወንበር የተነሱት። አሰልጣኛችን ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ያሸነፍን ዕለት ሁሉም ሲያቅፈኝ እሳቸው ብቻ አልጨበጡኝም። ምን አስቀይሜያቸው ይሆን እያልኩ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ።

«ተወው» አሉት አስተባባሪውን። «እኔ ከጎሉ አጠገብ ነበር የቆምኩት። ስትገባ አይቻለሁ። አስተማሪ ሆኜ ዝም አልኩ። የኮሌጁን ስም ያጎደፍነው ያኔ ነው እንጂ ዛሬ አይደለም።»

ያጨበጨበ የለም። ተነስቶ የወጣም አለ።

ውጪ ስንገናኝ ጋሽ ሁሴን እጄን ያዙኝ። «ገመቹ ሳጉሬ ከተማ ነው የሚያስተምረው። ከሄድክ አብሬህ እሄዳለሁ።»

«መቼ ጋሼ?»

«ነገ። ከሰነበተ አትሄድም።»

እሁድ ከአሰላ በሚኒባስ ሄድን። በሩን የከፈተልን ራሱ ገመቹ ነው። ጸጉሩ ሸብቷል። ገና ሲያየኝ አወቀኝ፣ ፊቱ ተለወጠ።

«ገመቹ፣ ያቺ ኳስ...» ብዬ ተንተባተብኩ።

«ገብታለች» አለኝ። «እኔ መቼ ተጠራጥሬ አውቃለሁ?»

 ከዚያ መንገዱን ለቀቀልኝና፣ «ለእኔ አትንገረኝ። ግባ፣ ለአባቴ ንገርልኝ» አለኝ።

አባቱ አርጅተው ከጢቾ መጥተው እሱ ጋ ነው የሚኖሩት። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ነገርኳቸው። ጆሯቸው ደክሟል፣ አልሰሙኝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

«ማነው የገባው?» አሉኝ።

በመጨረሻ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። «ኳሷ ገብታ ነበር አባባ! ልጅዎ አልዋሸም! የዋሸሁት እኔ ነኝ!»

ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት። «ዱጋ ዳ?» አሉት በኦሮምኛ። እውነት ነው? ማለታቸው ነው። ገመቹ በአንገቱ አዎ አላቸው።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ በቀስታ፣ በአማርኛ፣ ለእኔ እንዲህ አሉኝ።

«ያኔ ከኮሌጅ ደብዳቤ መጣ። ልጅህ ዳኛ ገፍቷል፣ ዋሽቷል ይላል። እሱ አልዋሸሁም አለኝ። እኔ ደብዳቤውን አመንኩ። ሁለተኛ ኳስ እንዳይነካ አስማልኩት... አልነካም።»

ከዘራቸውን ተደግፈው ለመነሳት ሞከሩ። ገመቹ ሊይዛቸው ጎንበስ ሲል አንገቱን ይዘው ግንባሩን ሳሙት።

«ኢልማ ኮ... ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አሉት።

 ጋሽ ሁሴን ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። እኔ የት እንደምቆም ጠፋኝ።

ገመቹ ምሳ አብልቶ ሸኘን። እኔን ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ስሄድ የበደልኩት አንድ ሰው ብቻ መስሎኝ ነበር።