መዘዞ ላይ የተከፈተው በግ

አጎቴ እንስሳ ይወዱ ነበር ይባላል። አይወዱም ነበር። የሚወዱት እንስሳው ለምን እንደ ሞተ ማወቅ ነበር። ከአንኮበር ጭላዳ ዝንጀሮ እስከ ደብረ ብርሃን በግ ድረስ በድን እየከፈቱ በሽታ ሲያጠኑና ሲያስተምሩ ኖሩ፤ ሳይከፍቱ ግን ምክንያት ተናግረው አያውቁም።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ መዘዞ መንደር ላይ በግ አለቀ። ሰዉ አንዲት ሸክላ ሠሪ «ቡዳ ናት፣ በዓይኗ ፈጀችብን» ብሎ ከመንደር ሊያስወጣት ተሰበሰበ። እኔን ይዘው የደረሱት አጎቴ ጋቢያቸውን አስይዘውኝ የሞተ በግ እዚያው ከፈቱና ጉበቱን የሞላውን ትል አሳዩ።

«ትሉንስ ማን ላከው፣ ዶክተር?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ። ትሉ ከረግረግ ሣር ጋር ነው የሚገባው፤ በጉን ረግረግ ላይ ያሰማሩት እርስዎ አይደሉም?»

ሰዉ ሳቀ። ሴትዮዋም ከቤቷ ሳትነቀል ቀረች።

አጎቴ ካረፉ ሦስት ወራቸው ነው። ባለፈው ሳምንት እዚያው መንደር ሁለት ላሞች ሞቱ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ይከፈት» የሚል ሰው ስላልነበረ ሳይከፈቱ ተቀበሩ። አሁን «ቡዳ ነሽ፣ ከመንደር ውጪ» የምትባለው የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ናት።

አንባቢ ሆይ፣ ከብትህ ሲሞት የጎረቤትህን ስም ከማንሳትህ በፊት የከብት ሐኪም ጥራ።