የጸበሉ ጋንና መንትያው

ወይዘሮ የሺአረግ ሹም አቦ በተባለው የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ሸክላ ሲሠሩ ዕድሜያቸውን የገፉ ሴት ናቸው። ገና ሙሽራ ሳሉ ጣና ላይ ያለ አንድ የደሴት ገዳም የጥንቱን የጸበል ጋን የሚመስል ሌላ ጋን አሠራቸው፤ የጥንቱ ቢሰበር ጸበሉ እንዳይቋረጥ ነበር። አፈሩን እዚያው ከደሴቲቱ ዳር ቆፍረው፣ አንገቱን፣ ጆሮውን፣ የሆዱን ጭረት ሳይቀር አስመስለው ሠሩት።

በጊዜ ብዛት የጥንቱ የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት መነኮሳት አረፉ። ጎን ለጎን የቆሙት ሁለቱ ጋኖችም በጢስና በእጅ ጠቁረው መንታ መሰሉ። ምእመናኑ የቀኙን “የጥንቱ ነው” እያሉ ይሳለሙታል። ወይዘሮ የሺአረግም ክብረ በዓል በመጣ ቁጥር በጀልባ ተሻግረው ሳይሳለሙት አይመለሱም።

አምና ገዳሙ አዲስ ዕቃ ቤት ሠራና የጥንቱን ጋን እዚያ ለማኖር ፈለገ። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ አባ ወልደ ሐዋርያት ሴትዮዋን አስጠሩ።

“የሺ፣ ያንቺ የትኛው ነው?”

ወይዘሮ የሺአረግ ሁለቱንም አንኳኩ፣ ዳበሱ፣ አሸተቱ። “እንጃ አባቴ። እንደ ሰዉ የቀኙ የጥንቱ ይመስለኛል፤ ግን አልምልበትም።”

አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ማኅሌት ኮሌጅ ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች። “ሸክላውን ራሱን እንጠይቀው” አለች።

“ደግሞ ሸክላ ይናገራል?” አሉ አባ።

“ያበራል እንጂ። ሸክላ እሳት ሲገባ ያለፈውን ሁሉ ይረሳል። ከዚያ ወዲህ ከአፈሩ የሚወጣውን ጨረር በጥቂት በጥቂቱ ያጠራቅማል። በማሽን ስናሞቀው ያጠራቀመውን በብርሃን ይመልሰዋል። ብርሃኑ በበዛ ቁጥር ዕድሜውም ይበዛል።”

የፀሐይ ብርሃን እንዳያበላሽባት መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ፣ በቀይ መብራት ከየጋኑ መቀመጫ ቁንጥር ዱቄት ፍቃ ወሰደች። ማሽኑ ወዳለበት ወደ ውጭ አገር ላከችው።

ውጤቱ ሲመጣ እናትና ልጅ ተያይዘው ተሻገሩ።

“የግራው አራት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል” አለች ማኅሌት። “የቀኙ ያንቺ ነው፣ እማዬ።”

ወይዘሮ የሺአረግ የቀኙን ጋን ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። “ወይ እኔ፤ ይህን ሁሉ ዘመን የገዛ እጄን ሥራ ስሳለም ኖርሁ?”

አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። “የተሳለምሽውስ ጸበሉን ነው” አሉ ሲረጋጉ። “እንግዲህ ሁለቱንም ዕቃ ቤት እናግባቸው።”

“የለም አባቴ። የጥንቱ ይረፍ፣ ብዙ አገልግሏል። የኔው ገና ጉልበት አለው፣ ይሥራ።”

“እንግዲያው ለሱም መተኪያ ያስፈልገዋል” አሉ አባ።

ከሰዓት በኋላ ማኅሌት ቀሚሷን ሰብስባ ሐይቁ ዳር ጭቃ ትረግጥ ነበር። እናቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ “በርትተሽ እርገጪው፣ ጠጠር እንዳይቀርበት” ይሏታል።