ገመዱ ያልተለቀቀላት ላም

ከመተማ ድንበር ማዶ ወዳለችው ገዳሪፍ የተሳፈርኩበት ቦክሲ፣ ከኋላ ሰው የሚጭነው ትንሽ መኪና፣ ባሱንዳ የምትባል መንደር ላይ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ እስኪቀይር ተሳፋሪው በየጥላው ተበተነ። እኔ ሰው እያየሁ ዝም ብዬ መቀመጥ አልሆንልህ ይለኛል፤ አንዲት ላም ከነጥጃዋ ይዘው ከተቀመጡ ሴት አጠገብ ሄጄ ቁጭ አልኩ።

“የሚሸጧት ናት?”

“ተሽጣለች። ገንዘቡ ነው ያልመጣ።”

ሴትዮዋ፣ እትዬ ውባየሁ፣ የመተማ ሰው ናቸው። ሰሊጥ አርሙ ቢባሉ መጥተው፣ እዚሁ ቀርተው፣ ዛሬ በኪራይ መሬት ለራሳቸው ይዘራሉ። ላሟን የሸጡት ለዘርና ለመሬቱ ኪራይ ነው፤ ገንዘቡ ዝናብ ሳይጥል ካልደረሰ ዘንድሮ መዝራት የለም። ገዢው ዛኪር የሚባል የገዳሪፍ ከብት ነጋዴ ነው። “ገንዘቡን ይዤ እስክመጣ አንቺ ዘንድ ትቆይ” ብሏቸው ሄዶ ቀረ። ላሟም በዚህ መሃል ወለደች።

ይህን እያወጉኝ ዛኪር ራሱ የመንደሩን ሽማግሌ ሼህ እስማኤልን አስከትሎ መጣ።

“ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ መኪና አቁሜያለሁ። ላሜን ስጪኝ፤ ገዳሪፍ ሸጬ ገንዘቡን እልክልሻለሁ።”

“ላሚቱ ያንተ ናት፣ መቼ ካድኩህ? ጥጃዋም ያንተው ናት። ገመዱን ግን ገንዘቡን ሳላይ አልለቅም።”

“የሰው ላም ስታልቢ ከርመሽ!”

“አገዳውን ማን ተሸክሞ አበላት? ወይስ ምሳዋን ከገዳሪፍ ትልክላት ነበር?”

በጥላው ያለው ሁሉ ሳቀ። ዛኪርም ሊስቅ ቃጥቶት እንደ ምንም ዋጠው።

ሼህ እስማኤል አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት። “ገመዱን አስጨብጣሃለች?”

“የለም፣ አላስጨበጠችኝም።”

“አስጨብጣህ ቢሆን ኖሮ ላሚቱን ነድተህ ትሄድ፣ እሷም ገንዘቧን ፍለጋ ገዳሪፍ ለገዳሪፍ ስትዞር ትከርም ነበር። ካልጨበጥክ ግን እስክትከፍል ብትይዝብህ መብቷ ነው።” ወደ እትዬ ውባየሁ ዞሩ። “አንቺም ቀን ሳትሰጪው ለሌላ እንዳትሸጪ። እስከ ጁምዓ ጠብቂው። ከቀረ፣ ለፈለግሽው ሽጪ።”

“ኻላስ፣ በቃ፣ ጁምዓ ይሁን” አለ ዛኪር፤ ባዶ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

የእኛም ቦክሲ ጥሩምባውን ነፋ። ስነሳ፣ “ይመጣ ይመስልዎታል?” አልኳቸው።

ጥጃዋ የቀሚሳቸውን ጫፍ ይዛ ትጠባለች። በመዳፋቸው ገፋ አደረጓት።

“ቶሎ ይምጣ እንጂ ልጄ” አሉኝ፤ “ስም ሳላወጣላት።”